ከምዕራፍ አራት በኋላ

መስከረም 20

አክስቴ፣

ወረቀቱ ላይ የግራሶ አሻራ ካዩ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ቱታዬን ሳላወልቅ ነው፤ መልሱንም የጀመርኩት እዚሁ ሊፍቱ አናት ላይ ባለው የሞተር ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ደህና ነኝ። የእርስዎ ጉልበት እንዴት ሆነ?

ስለ አባዬ የጠየቁኝን በየተራ ልመልስ። አዎ፣ አሁን የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ስሜን አንዳንዴ ይስታል። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። መቼ ጀመረው ሲለኝ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው አልኩት። ቀን ቀን ሥራ ስሄድ ከታች ያለችው ጡረተኛ ነርስ ታየዋለች። እህቴ ግን ከሩቅ ሆና በደወለች ቁጥር የአረጋውያን መኖሪያ ይግባ ትላለች። ቦታም አግኝታለች። በመጋቢት መጀመሪያ መጥታ ትወስደዋለች። እኔ እንዲሄድ አልፈልግም፤ ግን የምከራከርበት አፍ የለኝም፤ ምክንያቱ ቁም ሳጥኑ ነው።

በትክክል አንብበዋል። መኝታ ክፍሉ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባና በሩን ዘግቶ ይቆማል፤ አይወጣም። እጁን ይዤ ስስበው ይማታል፣ ባለፈው ከንፈሬን አፈንድቶታል። እንዳይጠላለፍ ብዬ ልብሱን በሙሉ አውጥቼ ባዶ አደረግኩት፤ ባዶው ውስጥም ይገባል። አንድ ቀን ራሱን ይጎዳል ትላለች እህቴ። እውነቷን ነው።

ይሄ ሁሉ ሳያንስ የቴሌቪዥን ጣቢያው እርስዎ የጻፉትን፣ አባዬ የተወነበትን «ሊፍቱ አይሠራም»ን ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ በየምሽቱ ከዜና በኋላ እየደገመው ነው። የአባት ድራማ የልጅ እንጀራ ሆነ ብለው የሥራ ጓደኞቼ ይቀልዱብኛል፤ ስምንት ዓመት አባዬ በድራማው ሊፍቱ በተበላሸ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ሲኖር፣ እኔ ሊፍት ጠጋኝ ሆንኩ። አሁን አብረን ቁጭ ብለን እናያለን። ምዕራፍ አንድን ልንገርዎ? አይቀየሙኝና ይደክማል። በር ሲዘጋ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። አባዬ ገበያ መሃል የጠፋ ሰው እንደሚጣራ ይጮኻል። ተመልካቹ የሚስቀው አዝኖላችሁ ይመስላል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ቀልድ፣ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ሊወጣ ሲል ቁም ሳጥን ውስጥ የሚገባበትን፣ ማን ፈጠረው? እርስዎ ነዎት? ቀልድዎ እቤታችን ድረስ ተከትሎት መጥቷልና ነው የምጠይቅዎ።

አክባሪዎ


ጥቅምት 12

ወላቃው፣

ጥርስህን እንዳስተከልክ ሰምቻለሁ። ግን ኳስ የፊት ጥርስህን ባወለቀው ዓመት የስቱዲዮው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠህ አፍህን እስከ ጆሮህ ከፍተህ ስትስቅ አይቼህ፣ ሌላ ስም ከአፌ አልወጣ አለኝ። አሁን ትልቅ ሰው ነህ፤ ካስከፋህ ንገረኝና እተወዋለሁ። አልተወውም።

መልሴ በመዘግየቱ አትቀየመኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያለቅሳል፤ ፖስታ ቤቱ ደግሞ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱም አይሠራም። ለምን ስልክ አትደውልም ብትል፣ ጆሮዬ ከድቶኛል። ስልክ ሳነሳ የምሰማው ከመስኮቴ ሥር ያለውን የመኪና ማጠቢያ ብቻ ነው። እንደዚሁ እንጻጻፍ።

ስለ ምዕራፍ አንድ ያልከው ልክ ነው። ግድግዳው ቀጭን ጣውላ ነበር፤ ከጀርባው አንድ ሠራተኛ በትከሻው ደግፎ ይይዘው ነበር። ሲያስነጥሰው ቤቱ በሙሉ ያስነጥሳል። እኔም ቀልድ ማለት ብዙ መናገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ሁለተኛው ላይ ደርሳችሁ ይሆናል፤ እዚያ ላይ አባትህን እየው። ዝም ማለትን የተማርነው በሁለተኛው ዓመት ነው። ቀልዱን ይናገርና ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የመጨረሻው ሰው ሳቁን እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ሳቁ ሳያልቅ አይቀመጥም፣ ቀጣዩን ቃልም አይተነፍስም። ይህን እኔ አላስተማርኩትም። ሌሎቹ ተዋንያን ሊኮርጁት ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ቀድመው ይቀመጣሉ።

ሦስተኛው የተሻለ ነው፣ አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ይህን ሕዝቡም ያውቀዋል።

የቁም ሳጥኑን ነገር ሌላ ጊዜ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ግን አንድ ነገር ስማኝ፦ እጁን ይዘህ አትጎትተው።

አክስትህ


ታኅሣሥ 24

አክስቴ፣

የላኩልኝ ካልሲ ደርሶኛል፤ አባዬ ነው የሚያደርገው። ስሙን ይተዉት ብዬ አልከራከርዎትም፤ ለምን ብዬ አፌን ላልፋ።

ሐኪሙ ጋ ደግመን ሄድን። አዲስ ነገር የለም። ቁም ሳጥኑ ግን ብሷል። አልጎትተውም፤ ቃልዎን ይዣለሁ። በሩ አጠገብ ቆሜ እለምነዋለሁ፣ ሳይሆን ሲቀር እቆጣለሁ፤ ስቆጣ ከውስጥ በሩን አጥብቆ ይይዛል። አንዳንዴ ሲያለቅስ እሰማዋለሁ። አንጀቴን ይበላኛል፣ ያናድደኛልም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነው።

ትናንት የምዕራፍ አራት ዘጠነኛው ክፍል ታየ። የመጀመሪያው ቁም ሳጥን። የጋዝ ሲሊንደሩን ስድስት ፎቅ ማን ይሸከም በሚል ከሚስቱ ጋር ይጣላሉ። «ይህን ቤት ለቅቄ ወጣሁ» ይላል፤ ባርኔጣውን ያነሳል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከመውጫው በር አጠገብ ያለውን ቁም ሳጥን ከፍቶ ይገባል፣ ይዘጋዋል። ዝም። ከዚያ ያ ሁሉ ሳቅ። ሳቁ ረዘመ፤ አለቀ፤ እሱ አልወጣም። ሚስትየዋ ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና ሳትል «ግራጫውን ኮት ነው የምትፈልገው? በግራ በኩል ነው» አለች። በሩ ተከፈተ። አባዬ ግራጫውን ኮት እስከ አንገቱ ቆልፎ ወጣና «ይበርዳል» አለ። ስቱዲዮው ተናጋ። ከሳቁ መሃል እንደ ፍየል የሚጮኸው እኔ ነኝ፤ ድምፄን ለየሁት።

ዛሬም ሳቅኩ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ምዕራፍ አራትን የመሰለ ነገር በቴሌቪዥን አላየሁም። አንዲት የምትባክን ቃል የለችም። ታዲያ አባዬ አልሳቀም። እጆቹን ጭኖቹ መሃል ከትቶ ወለሉን ሲያይ ቆየና ሲያልቅ «ያቺ ሴትዮ ደግ ናት» አለኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አስታውሰዋለሁ። ከአምስት ጀምሮ ወረደ። ጋዜጦቹ ያኔ «ጸሐፊዋ ነጥፋለች» ብለው ሲጽፉ እኔም ተስማምቼ ነበር፤ በግልጽ መናገር ይሻላል። አባዬን ወንበር ላይ አስቀምጠው ጋዜጣ አስያዙት። ያን የመሰለ ተዋናይ በየሳምንቱ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚገባ ጅል አደረጉት። ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ የሰጠው ሰው የለም። ለምን እንዲያ አደረጉት? ደግሞስ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩዎ፣ ቁም ሳጥኑን ማን ፈጠረው?

አክባሪዎ


ጥር 15

ወላቃው፣

ተቆጥተሃል፣ መብትህ ነው። ከድሮም ቁጣህ በጽሑፍህ ይታወቃል፤ ፊደሎችህ ወደ ቀኝ ይጋደማሉ።

«የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ይባላል፤ ሰው ያለፈውን ምዕራፍ ሁልጊዜ ያሞግሳል። በዚህ ልከላከል ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ከአምስት በኋላ ወርዷል። አውቃለሁ፤ ሳወርደው እዚያው ነበርኩ። ጋዜጦቹ ያሉትን አንብቤያለሁ፣ አንዱንም አላስተባበልኩም። ከዚያ ወዲህ ለእኔም ሥራ የሰጠኝ የለም፤ አሁን የማስተምረው ለሕፃናት ፊደል ነው፤ እነሱ ስለ ምዕራፍ አምስት አልሰሙም።

አመመሽ ወይ ብትለኝ፣ አላመመኝም። ለምን ዝም አልሽ ብትለኝ፣ ለአንድ ሰው ቃል ገብቻለሁ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይኸው ስንት ዓመቴ። ሰውየው ቃሉን ራሱ ረስቶታል። ቃል የተቀበለው ሰው ሲረሳው የሰጠው ይፈታል ወይ? ይህን የምጠይቀው ሰው አጥቼ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ።

አንድ ነገር ግን ማድረግ እችላለሁ። አሁን አምስትና ስድስትን እያያችሁ ነው። አባትህን አትመልከተው። የሌሎቹን እጅ ተመልከት። በተለይ የእሷን፣ የሚስትየዋን፣ ነፍሷን ይማረውና።

ካልሲው ከጠበበው ጻፍልኝ፤ ሌላ እሠራለሁ።

አክስትህ


የካቲት 22

አክስቴ፣

ይህን በችኮላ ነው የምጽፈው።

እጆቹን አየሁ። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንደሚባለው፣ ድሮም የማልወደው ምዕራፍ በእጅ ብቻ ሲታይ ደግሞ ምን ያህል እንደሚሰለች ይገምቱት። በኋላ ግን ዓይኔ ለመደ። እኔ ሊፍት ሲበላሽ አውቃለሁ። ሞተሩ ሲደክም በሩቅ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ሌላው ነገር ሁሉ ለእሱ ሲል ሲሠራ ነው።

ሚስትየዋ ክርኑን ትይዛለች። ሁልጊዜ። የፍቅር ይመስላል፤ ግን ወደሚዞርበት ታዞረዋለች። ጎረቤት ሆኖ የሚጫወተው ወፍራሙ ሰውዬ አንድ ነገር ሲጠይቀው መልሱን ጥያቄው ውስጥ ከትቶ ነው፦ ትናንት ታላቅ ወንድምህ ጋ ሄደህ መሰላሉን ተዋስክ፣ አይደል? አባዬ «ተዋስኩ» ይላል። በምዕራፍ ሁለት አንድ ገጽ በአንድ ትንፋሽ የሚናገር ሰው፣ በስድስት «ተዋስኩ»፣ «እንዴታ»፣ «ይበርዳል» ብቻ ነው የሚለው። ጋዜጣውን ያነበዋል እንጂ አይገልጠውም። የሚናገረው ቃል እዚያ ላይ ተለጥፎለት ነው፤ አንዴ ካሜራው ከጀርባው ሲያልፍ ነጭ ወረቀት አይቻለሁ። ለማረጋገጥ ነርሷንም ጠርቼ አሳየኋት። «ይሄ ሰው ያኔም ታሞ ነበር» አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

እንግዲህ አሁን የምጠይቅዎ ማን ፈጠረው ብዬ አይደለም። በአራተኛው ምዕራፍ ያን ቁም ሳጥን ሲከፍት፣ የመውጫው በር መስሎት ነው?

ነገሩን ለማወቅ የምቸኩልበት ምክንያት አለኝ። ትናንት ከቁም ሳጥኑ አልወጣ ሲል የበሩን ማጠፊያ ፈትቼ ነቀልኩት። የጠጋኝ መፍትሔ መሆኑ ነው። በሩ ከእጄ አምልጦ ጣቱ ላይ ወደቀ። ጣቱ አልተሰበረም፣ ግን አብጧል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሸሸኝ። በሩን መልሼ ገጥሜዋለሁ። እህቴ በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣለች፤ አልከራከራትም። ሻንጣውን ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ።

አክባሪዎ


የካቲት 27

ልጄ፣

በፖስታ ቢሆን ቀን ያልፋል ብዬ ይህን ለአውቶቡስ ሹፌር ሰጥቻለሁ። ሰውየውን ሻይ ጋብዘው።

አዎ፤ በሩ መስሎት ነው።

በልምምዱ ላይ በመውጫው በር ነበር የወጣው። ቀረጻው ላይ ቁም ሳጥኑን ሲከፍት ከካሜራው ጀርባ ነበርኩ፤ የራሱ ፈጠራ መስሎኝ ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ሳቁ ሲያልቅ ሳይወጣ ቀረ። ሰከንድ ሄደ። ነገሩ መጀመሪያ የገባት ሚስትየዋ ነች። የኮቱን ነገር ማንም አልጻፈላትም፤ ከራሷ ነው ያመጣችው። ከመድረክ ሲወርድ ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር። እጄን ያዘና «በሩ የት እንደሆነ ጠፋኝ» አለኝ። አራት ዓመት የወጣ የገባበት በር።

በማግስቱ ሐኪም ጋ ወሰድነው። እሷ፣ እኔና እሱ ብቻ ነን ያወቅነው። እናትህ ካለፈች ገና ነበር፤ አንተም የቴክኒክ ትምህርት ልትጀምር ነበር። እንዲህ አለኝ፣ ቃል በቃል፦

«ለልጆቼ እንዳትነግሪ። ይሄ ልጅ ካወቀ ትምህርቱን ጥሎ እኔን ሲጠብቅ ይኖራል። ቀልድ መስሎታል፤ ሲስቅ አይቼዋለሁ። ቀልድ ይሁንለት።»

ስለዚህ ቀልድ አደረግነው። ሰው ስህተት ነው እንዳይል በየሳምንቱ ጻፍኩት። ከዚያ ቃሉ ሲያጥር አጠር አድርጌ ጻፍኩ፣ መቆም ሲያቅተው ወንበር ጻፍኩ፣ ስም ሲጠፋው ጋዜጣ። ድራማው ወረደ። እሱ ግን አንተ ተመርቀህ ሥራ እስክትይዝ በእግሩ ቆመ። የትኛው ምዕራፍ ይሻላል ብለህ ብትጠይቀኝ አሁንም አራተኛው ነው እላለሁ፤ ለሥራዬ ታማኝ ነኝ። ስድስትን ግን ደግመሽ ጻፊ ቢሉኝ እንዳለ እጽፈዋለሁ።

አሁን ስማኝ። ቁም ሳጥኑን ባዶ አድርጌዋለሁ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ቃሌ አሰረኝ። ባዶ ቁም ሳጥን ውስጥ ምን ሊያመጣ ገባ ይባላል? እሱ የማይወጣው እልኸኛ ሆኖ አይደለም። ያፍራል። በሩ እንዳልሆነ ውስጥ ሲገባ ያውቀዋል፤ እናንተ ደግሞ ውጭ ቆማችሁ ትጠብቁታላችሁ። እሷ ያደረገችው፣ የገባበትን ምክንያት መስጠት ብቻ ነው። ኮት ሊያመጣ ገባ፣ ኮት ይዞ ወጣ፤ ማን ምን ይለዋል?

ኮት ስቀልበት። ግራጫ ካጣህ የማንንም ይሁን፤ ግን በግራ በኩል። ሲገባ አትነሳ፤ አትየው። እጅህ ሥራ ይዞ ይቆይ። ድምፅህ ልብስ እንደሚያጥፍ ሰው ድምፅ ይሁን። አንዴ ብቻ ተናገርና ተወው።

የምታውቀው መሆኑን እንዳትነግረው።

አክስትህ


መጋቢት 9

አክስቴ፣

አስቀድመው የሚጠይቁኝን ልመልስ፦ አልሄደም። ሹፌሩንም ሻይ ጋብዣለሁ፤ ሁለት ጠጣ።

ሐኪሙ ጋም ሄጄ ነበር። መቼ እንደጀመረው ያኔ የነገርኩህ ስህተት ነው፤ ከምዕራፍ አራት ዘጠነኛው ክፍል ጀምሮ ነው አልኩት። የቀልደኛ ልጅ ቀልደኛ ነው ብሎ ሳቀ። እየቀለድኩ እንዳልሆነ ሲገባው ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

ሌላው መጠየቅዎ የማይቀረው፣ ቂም ይዘህብኛል ወይ ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ይዤ ነበር። ምርጫውን ለእኔ መተው ነበረባችሁ ብዬ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሁለታችሁንም ወቀስኩ። ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። ቢነግሩኝ ኖሮ ትምህርቱን ጥዬ እመጣ ነበር። አባዬ በደንብ ያውቀኛል፣ ያውቀኝ ነበር። ቂሙ አልፏል። ስለ ምዕራፍ ስድስት ያልኩትንም እንዳልተናገርኩ ይቁጠሩልኝ። ቀልዱ አሁንም ደካማ ነው፤ እሱን አላነሳም።

እህቴ መጣች። ሻንጣው በሩ ጎን ቆሞ ነበር፤ መኪናም ጠርታለች። ኮቱን ግን ሰቅዬ ነበር፤ ከምንጠግነው ሕንፃ ዘበኛ የተዋስኩት ግራጫ ካፖርት ነው። እህቴ መድኃኒቱን ከኩሽና ስትሰበስብ አባዬ ሻንጣውን አየ፣ እኔን አየ፣ ተነሳ። አንገቱን ቀና አድርጎ መኝታ ክፍሉ ገባ። የቁም ሳጥኑ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

እህቴ ልትሮጥ ስትል እጇን ያዝኳት። ጠረጴዛው ላይ ለጥገና የፈታሁት የሊፍት መጥሪያ ነበር፤ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመርኩ። ድምፄን ልብስ እንደሚያጥፍ ሰው ላድርገው ብዬ በሆዴ ሦስት ጊዜ ተለማመድኩት። ከዚያ ቀና ሳልል፣

«ግራጫውን ኮት ነው የምትፈልገው? በግራ በኩል ነው» አልኩ።

እህቴ አበደ ብላ ታየኛለች። ከዚያ የኮት መስቀያ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ቆየ፤ ቁልፍ የሚቆልፍ ሰው እንደሚቆይ ቆየ። በሩ ተከፈተ። አባዬ የዘበኛውን ካፖርት ለብሶ፣ አንዱን ቁልፍ አዛንፎ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሳሎን መጣና መሃል ወለሉ ላይ ቆመ።

«ይበርዳል» አለ።

ከዚያ አልተቀመጠም። ቀጥ ብሎ ቆሞ እኔን አየኝ። እህቴ አመመው ብላ ወንበር ልታቀርብለት ተነሳች። እኔ ግን ምን እንደሚጠብቅ አወቅኩ፤ የፊት ወንበር ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሳቅኩለት። መጀመሪያ ከአንገት በላይ ነበር፤ በኋላ ያ የፍየል ሳቄ ራሱ መጣ፣ ከእንባ ጋር ተደባልቆ። እህቴ ግራ ገብቷት ቆይታ እሷም ሳቀች። ለመኪናው ነጂ የሚሄድ ሰው የለም አለችው፤ እስከ ክረምት እንየው ብላለች።

አባዬ ሁለታችንም ሳቃችንን እስክንጨርስ ቆሞ ጠበቀ። ሲያልቅ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ወላቃው